አካኮ የጠበቁት በር

ባለፈው ሚያዝያ ሴንት ፖል ውስጥ የአንድ አሮጌ ቤት መስኮት ልቀይር ሄጄ፣ ክፈፉን ከግድግዳው ሳላቅቀው አንድ ሽታ ከውስጥ ወጣ። የእርጥብ የኖራ ድንጋይ፣ የአሮጌ ጥላሸትና አሸንዳ ውስጥ የከረመ ቅጠል ሽታ። መዶሻዬን እንደያዝኩ ቆምኩ። ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር፣ ሥራ ምን እንደሆነ እንድታይ ልጄን ይዣት ወጥቼ ነበር። "ዳድ፣ አር ዩ ኦኬ?" አለችኝ። በአማርኛ ጠይቂኝ አልኳት፤ ጠየቀችኝ። አሁን የምጽፈው በመኪና ስንመለስ የነገርኳትን ነው፤ ግማሹን ስልኳን እያየች ስለሰማችው።

ሰባት ዓመቴ ነበር። አሜሪካ ከገባን ሁለተኛው ዓመት ነው። የአባቴ አባት በዚያ ክረምት ከነቀምት መጥተው ተቀላቀሉን። አካኮ እንላቸዋለን፤ በእኛ ቤት ኦሮምኛ አያት ማለት ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የአንድ ትምህርት ቤት ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆነው ሠርተዋል። ከመተኛታቸው በፊት ኪሳቸውን የሚዳብሱት ከዚያ ልማድ ነው፤ የሚፈልጉት ቁልፍ ግን ነቀምት ቀርቷል።

የተከራየንበት ሕንፃ ሊፈርስ ነው ተባለና መሄጃ አጣን። ያመጣን ቤተ ክርስቲያን በዛፍ የተሸፈነ ኮረብታ ላይ ትልቅ ያረጀ ቤት ነበረው፤ ለእንግዳ ማረፊያና ለጸሎት ጉባኤ ይጠቀሙበታል። ከኮረብታው ግርጌ፣ ከግቢው በር ጥግ፣ ባዶ የተቀመጠች ትንሽ የድንጋይ ቤት አለች። "አፓርትመንት እስክታገኙ እዚያ ኑሩ" አሉን። አባቴ ፍሪድሊ ከተማ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሌሊት ይሠራና ቀን ይተኛል። እናቴ ብሉሚንግተን ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች። ስለዚህ ያቺን ቤት በእውነት የኖርንባት አካኮና እኔ ነን።

ቤቷ ሁለት ክፍልና ከጣሪያው ሥር አንድ ጠባብ መኝታ ብቻ ነበራት። ከመንገድ ቆሞ ላያት ሰው ግን ትንሽ ነኝ የምትል አትመስልም። ጣሪያዋ ድመት እንኳ እንዳይቆምበት ተደርጎ ሾጥጧል። ከጣሪያው ግንባር የተንጠለጠለው ሳንቃ እንደ ነጠላ ጥለት ተፈልፍሏል። የመስኮቶቿ መስታወቶች እጄን የሚያክሉ ናቸው፤ ሰያፍ በሰያፍ ተገጣጥመው ፀሐይ ሲመታቸው ወለሉ ላይ የዓሣ መረብ ይዘረጋል። ጭስ ማውጫዋ ደግሞ ከእሷ የሚበልጥ ቤት ለብቻው የሚያስፈልገው ነው።

ኮረብታው ላይ ያለው ትልቁ ቤት ልክ እንደሷ ነው። ያው ድንጋይ፣ ያው ሹል ጣሪያ፣ ያው ጥለት። እኔም ትልቁ እናት፣ ትንሿ ልጅ ናት ብዬ ደመደምኩ። ልጅ ከሆነች ደግሞ ታድጋለች። ደጃፋችን ካለው ጥድ ጋር በየሳምንቱ አወዳድራት ነበር። መጋቢት ላይ ሙቀቱ ሲጀምር የጣሪያው በረዶ በሙሉ በአንዴ ተንሸራቶ እንደ ነጎድጓድ ወረደ። እየጮህኩ ገባሁ፣ "አካኮ! ቆዳዋን ጣለች!"

አካኮ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ዘግተው ወጡ፤ ጣሪያውን አዩ፤ እኔን አዩ። "እባብ ናት እንዴ?"

"አይ፣ እያደገች ነው።"

"እንግዲያው አንተም አካፋውን ያዝና የጣለችውን ጥረግ። የሚያድግ ቤት ውስጥ የሚኖር ልጅ ያለ ሥራ አይቀመጥም።"

ሥራ። የአካኮ ነገር ሁሉ እዚያ ነው የሚጀምረው፤ የዚያ ዓመት ጣጣም የተጀመረው እዚያ ነው።

በገባንበት ቀን ቤቷን ያሳየችን ሚስ ካረን ናት፤ የእንግዳ ማረፊያው ኃላፊ። ረጅም ናት፤ ነጭ ፀጉሯን በአጭሩ ትቆረጣለች፤ ክረምት ከበጋ የጎማ ቦት ጫማ አታወልቅም። ቤቷን ትወዳታለች፤ ስለ ሰው ልጅ እንደሚያወራ ሰው ነው የምታወራላት። እንደነገረችን፣ ግቢውን ያሠራው የጣውላ ነጋዴ እንግሊዝ አገር ሄዶ በባላባቶች ግቢ በር ላይ እንዲህ ያሉ ቤቶች አየ፤ ተመልሶም ይህችን እነዚያን አስመስሎ አሠራት። እንግዳ መጀመሪያ የሚያየው እሷን ስለሆነ ለትልቁ ቤት ያላወጣውን ጌጥ እዚህ ላይ አፈሰሰው። ከፊት ለፊት ወደ ውጭ የወጣው ባለ ሦስት ገጽ መስኮት ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ውስጡ የተቀመጠ ሰው መንገዱን ግራና ቀኝ እንዲያይ ነው። እኔ እየተረጎምኩ ነው። አካኮ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሲሰሙ ቆዩና አንድ ነገር ብቻ አስጠየቁኝ።

"ማን ነበር የሚኖርባት?"

"በር ከፋቹ፣ ከነቤተሰቡ" አለች ሚስ ካረን በፈገግታ።

አካኮ ወደ አባቴ ዞሩ። "የዘበኛ ቤት ነው በለኛ!"

"የድሮ ነገር ነው አባዬ። አሁን እኛ እንግዶች ነን።"

"እንግዳ ሦስት ቀን ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ያለ ሰው ወይ ቤተሰብ ነው ወይ ሠራተኛ። ቤተሰባቸው ነን?"

አባቴ ሻንጣ አንሥቶ ወደ ውስጥ ገባ።

"እንግዲያው ሠራተኛ ነን" አሉና ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ።

በሦስተኛው ቀን፣ እንግድነታችን አበቃ ባሉበት ጠዋት፣ አካኮ የግቢውን የብረት በር ለመዝጋት ተነሡ። በሩ ለብዙ ዘመን ተከፍቶ ቆሞ ስለነበር እግሩ መሬት ውስጥ ገብቷል። ከበረዶውና ከአፈሩ በአካፋ አወጡት። ማጠፊያውን በእናቴ የምግብ ዘይት አሹት። እናቴ ማታ ጠርሙሱን አንሥታ፣ "አባባ፣ በሩን ነው ወይስ ዶሮ ነው የጠበሱት?" አለቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲመሽ ይዘጋል፣ ሲነጋ ይከፈታል። ቀን ደግሞ አካኮ ክራባታቸውን አስረው ባለ ሦስት ገጹ መስኮት ውስጥ ይቀመጣሉ። መኪና ሲመጣ ይወጡና እጃቸውን ያነሣሉ።

"ኔም? ሁ ዩ ዎንት?"

ሰውየው ስሙን ይናገራል። እኔ ከትምህርት ቤት ተመልሼ ከሆነ ኮረብታውን በሩጫ ወጥቼ "እገሌ የሚባል ሰው መጥቷል፣ ይግባ ወይ?" ብዬ ሚስ ካረንን እጠይቃለሁ። እሷ ይግባ ስትለኝ እየሮጥኩ እወርዳለሁ። በዓለም ላይ ሰው ወደ ሌላ ሰው ቤት የሚገባው በዚህ መንገድ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ ለጸሎት ጉባኤ የመጡ አሮጊቶች በጣም ወደዱት። የታሪካዊው ቤት ትርኢት መስሏቸው ካሜራ አወጡ። አካኮ ደግሞ ለመታወቂያ መስሏቸው ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ጆሯቸው እንዲታይ ፊታቸውን ትንሽ አዙረው ቀጥ ብለው ቆሙ።

በዚያ ሰሞን ነው የመስኮቱ ነገር የመጣው። ከውጭ ስታይ በምሥራቅ ግድግዳ ላይ ሁለት መስኮት አለ። ከውስጥ አንድ ብቻ ነው። ደጋግሜ ወጥቼ ገብቼ አየሁ። ማንም የማያውቀው ክፍል አለ፤ በዚያ ክፍል ውስጥ የድሮው በር ከፋች ይኖራል አልኩ። ለአካኮ በሹክሹክታ ነገርኳቸው። አልሳቁብኝም። ወንበር ይዘው ወጡና ቆመውበት መስታወቱን በጥፍራቸው አንኳኩ። ከኋላው ያለው በጥቁር ቀለም የተቀባ ድንጋይ ነው።

"ሰው የለም" አሉኝ። "መስኮትም አይደለም። ግድግዳው እንዳይራቆት ለዓይን ያስቀመጡት ነው።"

"ውሸት ነው ማለት ነው?"

አሰቡበት። "ማንንም አልጎዳም። ግን ብርሃን አያስገባም፣ አየር አያስገባም። እንዲሁ ያምራል።"

እኔ ዛሬ መስኮት ገጣሚ ነኝ፤ ሙያውን ከሰው ሳይሆን ከቤተ መጻሕፍትና ከስህተቴ ነው የተማርኩት። እንዲህ ያለውን ዕውር መስኮት እንግሊዞች ለምን እንደሚሠሩት አሁን አውቃለሁ፤ ግድግዳው ሚዛን እንዲጠብቅ ነው። አካኮ ወንበር ላይ ቆመው የነገሩኝ ግን ይበልጥብኛል።

ከዚያ የቧንቧው ሰው መጣ። አንድ ከሰዓት ነጭ ቫን እየበረረ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። አካኮ እጃቸውን አነሡ። ሰውየው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ብዙ ነገር ተናገረ፤ አካኮ ግን ከስሙ ሌላ የሚፈልጉት አልነበረም። ስሙን ሲሰጥ ላኩኝ። ሚስ ካረንን ወጥ ቤት አጣኋት፤ ፎቅ ወጣሁ፣ አጣኋት። በመጨረሻ ምድር ቤት አገኘኋት፤ ቦት ጫማዋ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆማ የፈነዳ ቧንቧ በሁለት እጇ ይዛለች።

"ሚስ ካረን፣ አንድ ሰው መጥቷል። የቧንቧ ሰው ነኝ ይላል። አካኮ ይግባ ወይ ብለዋል።"

ሚስ ካረን ያን ጊዜ አንድ ቃል ተናገረች። በማግሥቱ ቃሉን ትምህርት ቤት ደገምኩትና ከክፍል አስወጡኝ።

እሷም በማግሥቱ ኬክ ይዛ መጣች። አልተቆጣችም፤ ይህን ልመሰክርላት ይገባል። ከአካኮ ፊት ለፊት ተቀምጣ እጃቸውን ያዘች። "ንገራቸው" አለችኝ፣ "እዚህ ምንም ሥራ የለባቸውም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሠርተዋል፤ አሁን ይረፉ። በሩም እንደ ድሮው ተከፍቶ ይቆይ። ምንም አንፈልግባችሁም።" አንድ ቃል ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ ተረጎምኩ። ደግ ቃል ስለመሰለኝ ደስ እያለኝ ነበር የተረጎምኩት።

አካኮ አመሰገኑ፤ እስከ ደጅ ሸኟት። ከዚያ የበሩን ሁለት ክንፍ ወደ ኋላ ከፍተው በድንጋይ አስደገፉት። ክራባታቸውን ፈቱ። ከፊተኛው መስኮት ወንበራቸውን አንሥተው ወጥ ቤት፣ ከግድግዳው ጥግ አስቀመጡት። ኬኩን አልቀመሱም።

"አካኮ፣ ለምን እዚያ ተቀመጡ?"

"ያንን መስኮት አንኳኩቼ አሳይቼህ የለም? እኔንም እንዲሁ ለማማር ካስቀመጡኝ፣ ከፊት ብሆን ከኋላ ብሆን ምን ልዩነት አለው?"

ልጆቼ ይህን ይስሙ። ለተቸገረ ሰው ቤት መስጠት መልካም ነው። ቤቱን ሰጥቶ ከአንተ የምፈልገው የለም ማለት ግን ሰውየውን ከቤት ዕቃ ጋር መቁጠር ነው። ሚስ ካረን ክፉ አልነበረችም፤ ዕረፍት ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ስጦታ መስሏት ነው።

ሳምንት ሳይሞላ አካኮ ሲያትል ላለው አጎቴ ደወሉ። አጎቴ ሱቅ አለው። "አባዬ፣ እኔ ጋ ይምጡ፤ ሱቁ ውስጥ ተቀምጠው ዕቃ ይጠብቁልኛል" አላቸው። ሰኔ መጀመሪያ ላይ ለሚውል እሑድ፣ ከቀትር በፊት ለሚነሣ አውሮፕላን ትኬት ቆረጠላቸው። አባቴ ለመናቸው፤ እናቴ አለቀሰች፤ አካኮ "ሥራ ነው የምሄደው፣ ለቅሶ ምንድን ነው?" አሉ።

እኔ ያለ እሳቸው ያንን ቤት ማሰብ አልቻልኩም። ከትምህርት ቤት አውቶቡስ ስወርድ የሚቀበሉኝ እሳቸው ናቸው፤ ፊደል የሚያስቆጥሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ከጣሪያው ሥር በአንድ አልጋ የምንተኛው እሳቸውና እኔ ነን። ስለዚህ የማውቀውን አደረግኩ። አልጋው አጠገብ ተንበርክኬ ጮክ ብዬ ጸለይኩ፤ "ጌታ ሆይ፣ የሲያትልን አውሮፕላን ጎማ አፈንዳው።"

"አንተ ናኦል" አሉ አካኮ ከብርድ ልብሱ ውስጥ፣ "ሌላም ሰው ይሳፈራል እኮ። ቢያንስ ሳይነሣ በለው።"

አስተካክዬ ጸለይኩ።

ግንቦት ውስጥ፣ በአማርኛ ከምናመልክበት ሌላው ቤተ ክርስቲያን አንድ እሑድ ጋሽ ታደሰ ሊጠይቁን መጡ። ኤርፖርት ታክሲ የሚነዱ፣ ሳቃቸው ከመኪናቸው ቀድሞ የሚደርስ ሰው ናቸው። ልጃቸው ብሌን ልታገባ ነው፤ ሰርጉ በትልቁ ቤት እንዲደረግ ሚስ ካረን ፈቅዳለች። ጋሽ ታደሰ ከመኪናቸው ወርደው ወደ ቤት አልገቡም። የብረቱን በር አዩ። የድንጋዩን አጥር አዩ። ደጃፉ ላይ ያለውን የድንጋይ መቀመጫ በእጃቸው መታ መታ አደረጉት።

"አባባ" አሉ ለአካኮ፣ "የምለምንዎት ነገር አለኝ። እኔ የምኖረው ሴንት ሉዊስ ፓርክ፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ልጄን ሊወስዱ ሲመጡ የት ላይ ነው አናስገባም የምንላቸው? ኮሪደሩ ላይ? ጎረቤት ፖሊስ ይጠራብናል። ሊፍቱ በር ላይ? በሩ ራሱ ይከፍትላቸዋል!"

አካኮ ሳይፈልጉ ሳቁ። ከኬኩ ወዲህ ሲስቁ አላየሁም ነበር።

"ልጄን ከእርስዎ ቤት ልዳራት። አጥር ያለው፣ በር ያለው፣ ሽማግሌ ያለው ቤት ሌላ አላውቅም።"

"ቤቱ እኮ የእኔ አይደለም፣ ታደሰ። የዘበኛ ቤት ነው።"

"የሚኖርበት ማን ነው?"

አካኮ የድንጋዩን መቀመጫ አዩት። ለሰርግ ቤት የለመነን ሰው መመለስ በአገራቸው የሚነገር ነገር አይደለም። "እሺ" አሉ በመጨረሻ። "ሰርጉ የሰኔ መጀመሪያው ቅዳሜ ነው አይደል? እኔም በማግሥቱ እሑድ ነው የምሄደው። ይደርሳል።" ጋሽ ታደሰ ወዴት ብለው ሳይጠይቁ እጃቸውን ስመው ሄዱ።

በሰርጉ ጠዋት ብሌን የለበሰችው ከጣሪያው ሥር፣ እኛ መኝታ ውስጥ ነው። ለብሳ ስታበቃ መውረድ አቃታት። ደረጃው ለአንድ ቀጭን በር ከፋች ተብሎ የተሠራ ጠመዝማዛ ነው፤ ቀሚሷ ደግሞ በሩን ሞልቶታል። ሚዜዎቿ ከላይ ይገፋሉ፣ እናቴ ከታች ትስባለች። አካኮ ግርጌው ላይ ቆመው፣ "እንግሊዞቹ ይህን ቤት ሲሠሩ ሙሽራ ትወጣበታለች ብለው አላሰቡም" አሉ። በጎን አዙረው፣ ጨርቁን በእቅፍ ሰብስበው፣ እንደ ፍራሽ አወረዷት። ሳቋ ከቀሚሷ ውስጥ ይሰማል።

አካኮ ክራባታቸውን አስረዋል። ድንጋዮቹን አነሡ፤ ሁለቱን የበር ክንፎች ገጠሙ። የሙሽሪት ጓደኞችና የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ከበሩ በስተውስጥ ተሰልፈው እያጨበጨቡ መዘመር ጀመሩ። ብዙም አልቆየ፣ መኪኖቹ ጥሩምባ እየነፉ መጡ። የሙሽራው አንደኛ ሚዜ ከረጅሙ ጥቁር መኪና ዘሎ ወርዶ የበሩን ብረት ያዘ።

"አካኮ፣ ፕሊስ! ሊሞው በሰዓት ነው የሚያስከፍለን!"

"ታዲያ በእግርህ ለምን አልመጣህም?"

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። "አናስገባም!"

ሚስ ካረን በቀሚስና በቦት ጫማ ከኮረብታው እየሮጠች ወረደች። "ናኦል፣ ምን ተፈጠረ? ተጣሉ እንዴ?"

"አልተጣሉም። ዝም ብሎ መግባት ነውር ስለሆነ ነው።"

"ምን ማድረግ አለባቸው?"

"ማን እንደሆኑና ማንን እንደሚፈልጉ ለአካኮ መናገር አለባቸው።"

ሚስ ካረን አካኮን አየቻቸው። በሩ መሃል፣ አንድ እጃቸውን ብረቱ ላይ አድርገው ቆመዋል፤ ሃያ መኪና የሚሆን ሰው የእሳቸውን ቃል ይጠብቃል። ከዚያ ከሴቶቹ መሃል ገብታ ከምቱ ውጭ ማጨብጨብ ጀመረች።

አካኮ እጃቸውን አነሡ፤ ዝማሬው ቆመ። "ማን ናችሁ? ማንን ፈልጋችሁ መጣችሁ?"

ሙሽራው ወደፊት ቀረበ። ላቡ ግንባሩ ላይ ነው። "ዮናታን እባላለሁ፤ የአበራ ልጅ። ከዚህ ቤት ብሌንን ፈልጌ ነው የመጣሁት።"

"ከዚህ ቤት" አሉ አካኮ ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። በሩን ከፈቱ።

ሙሽሪት ስትወጣ መጀመሪያ የአባቷን፣ ከዚያ የአካኮን ጉልበት ሳመች። አካኮ በሁለቱም ቋንቋ መረቋት። ቀና ብላ፣ "አካኮ፣ ነገ ማታ ለመልስ እዚሁ ነው የምንመጣው" አለች። "በሩን እንዳትዘጉብን!"

በሰርግ ማግሥት ሙሽሮች የሴቷ ወላጆች ቤት ተመልሰው ይጋበዛሉ። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ማናችንም ግን አላሰብንበትም። አባቴ መሬት መሬት ያያል። እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። እኔ የአካኮን ፊት ብቻ ነበር የማየው።

"ማን ይዘጋዋል?" አሉ አካኮ። ቀኑን ሙሉም ስለ አውሮፕላኑ የጠየቃቸው የለም፤ ፈራናቸው።

በማግሥቱ የነቃሁት በጩኸት ነው። አልጋው ላይ ብቻዬን ነኝ። በዚያ ጠመዝማዛ ደረጃ በቂጤ ተንሸራትቼ ወረድኩ። አካኮ በካናቴራ ቆመው ስልኩን ከጆሯቸው ራቅ አድርገው ይዘዋል፤ ሲያትል ያለ ስልክ የሚሰማው በጩኸት ይመስላቸዋል።

"አልመጣም አልኩህ እኮ! ልጅ ድሬ፣ ሙሽሮቹ ለመልስ ሲመጡ ሽማግሌው የት ሄደ ቢባል ምን ልትል ነው? ... እንዴት የማን ልጅ? ከቤቴ የወጣች ልጅ! ... በሚቀጥለው ሳምንትማ ሌላ ሰርግ አለ ብሏል ታደሰ። ሱቅህን ራስህ ጠብቅ!"

ስልኩን ዘጉ። ደረጃው ሥር የቆመውን ሻንጣቸውን አጋድመው ከፈቱትና ከታች ሙሉ ልብሳቸውን መዝዘው አወጡ። ኮቱ ተጨማዶ እንደ ደረቀ የድንች ልጣጭ ሆኗል። ወደ እናቴ ዞረው ዓይናቸውን አፈጠጡ።

"ይህን ልብስ ማን ነው እንዲህ አድርጎ ያጨቀው?"

"እርስዎ ነዎት፣ አባባ።"

ኮቱን ገልበጥ አድርገው አዩት። "እኔ?" አሉ። "እንዲህ ያለ ሰውማ መንገድ አይሄድም። በይ ካውያውን አግዪው፤ እንግዳ አለብኝ።"